የክርስትና መዝገብና የኮምፒውተር ሙያ

የክርስቲያን ልጅ ስሙ አስቀድሞ ከሚጻፍባቸው መዛግብት አንዱ የአጥቢያው የክርስትና መዝገብ ነው። ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የዓለም ስማቸው፥ ስመ ክርስትናቸው፥ የወላጆቻቸው ስም፥ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ስም፥ ያጠመቀው ካህን ስምና ቀኑ በአንድ መስመር ይሰፍራል። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ዘመን የሚያስታውሰው ሰው የለም። ነገር ግን ልጁ አድጎ ለጋብቻ ሲደርስ፥ ወይም ወደ ሌላ አገር ሄዶ ማስረጃ ሲጠየቅ፥ ያች አንዲት መስመር ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ትፈለጋለች።

በአጥቢያችን ያለው አሮጌ መዝገብ ጠርዙ ተበልቶ፥ ቀለሙም ደብዝዞ ስለ ነበር፥ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንዱ ወደ ኮምፒውተር ሊገለብጠው ተነሣ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሙያ ገና አልተማረም ነበርና፥ መዝገቡ ለሥራውም ለትምህርቱም ምክንያት ሆነው። እኔም የሰበካ ጉባኤው አባል እንደ መሆኔ ነገሩን ከመጀመሪያው ተመልክቼዋለሁ። ዛሬ በየቤቱ «ልጄ ኮምፒውተር ይማራል» የሚሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸውና፥ የሚማረው ነገር ምን እንደ ሆነ፥ ምን ዓይነት ጠባይም እንደሚጠይቅ ከዚህ ታሪክ ቢረዱ መልካም ነው።

ሙያው ምንድር ነው?

ድረ ገጽ በአሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚለጠፍ ማስታወቂያ ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ ጽሑፍ ያሳያል። ሁለተኛው ግን በመዝገብ ቤት መስኮት አጠገብ እንደ ተቀመጠ ጸሐፊ ነው፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይነግረዋል፥ እርሱም ወደ መደርደሪያው ሄዶ ከፈለገ በኋላ ለዚያ ሰው የሚገባውን መልስ ጽፎ ይሰጠዋል። ጸሐፊው ሰርቨር በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ መደርደሪያው ደግሞ ዳታቤዝ ይባላል።

መረጃን በየሰንጠረዡ ከፍሎ ሰንጠረዦቹን እርስ በርሳቸው የማያያዙ ሥርዓት የተመሠረተው፥ ኤድጋር ኮድ የተባለው በእንግሊዝ አገር የተወለደ ሊቅ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ነው። ድረ ገጾች የሚገናኙበትን ዓለም አቀፍ ድር ደግሞ ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ተቋም ሳለ እ.ኤ.አ. በ1989 በሐሳብ አቀረበ። ወጣቱ ሊማር የተነሣው ሙያ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ጥያቄ መቀበል፥ የይለፍ ቃል መመርመር፥ ቅጽ ማዘጋጀት በየድረ ገጹ የሚደጋገም ሥራ ነው። ይህን የጋራ ሥራ አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ፍሬምወርክ ይባላል። ቤት ለሚሠራ ሰው መሠረቱና ምሰሶው ተተክሎ እንደሚቆየው ነው፤ ክፍሎቹን መክፈልና ለማን ምን እንደሚገባ መወሰን ግን የሠሪው ድርሻ ይሆናል። ወጣቱ የመረጠው ጃንጎ የተባለውን ነው። ጃንጎ የተጀመረው በአሜሪካ፥ በካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ በሚገኝ ጋዜጣ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያ ይሠሩ የነበሩት አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን፥ የጋዜጣ ሥራ ቀን አይሰጥምና፥ በየጊዜው የሚደጋገመውን ሥራ በፓይተን ቋንቋ በአንድነት አዘጋጁት። እ.ኤ.አ. በ2005 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ተለቀቀ። ስሙም ጃንጎ ራይንሃርት ከተባለው ጊታር መቺ የተወሰደ ነው።

ከወረቀት መጀመር

በጃንጎ የሚሠራ ሰው ሦስት ነገሮችን ይለያል። ሞዴል የሚባለው በመዝገቡ ምን ምን እንደሚጻፍ ይወስናል፤ ቪው የሚባለው ጥያቄውን ተቀብሎ መልሱን ይፈልጋል፤ ቴምፕሌት የሚባለው መልሱ በገጹ ላይ የሚታይበትን መልክ ይሰጣል። ወጣቱ አስቀድሞ ፓይተንን ተማረ፤ ቀጥሎም የጃንጎ አዘጋጆች ለጀማሪ ያሰናዱትን ትምህርት ተከተለ። ትምህርቱ ተማሪውን ሰዎች ድምፅ የሚሰጡበት ትንሽ ድረ ገጽ ደረጃ በደረጃ ያሠራዋል። እያየ ሲገለብጥ ሁሉ ቀላል መሰለው፤ ትምህርቱን ዘግቶ ብቻውን ሲጀምር ግን እጁ ታሰረ። ከመምህሩ ጋር ሲያዜም የቀለለው ዜማ ብቻውን ሲቀር እንደሚጠፋበት የድጓ ተማሪ ሆነ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ትቶ ወረቀትና እርሳስ አነሣ። በመጀመሪያ እንደ አሮጌው መዝገብ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ሣለ። ነገር ግን አንድ ሰው ለአምስት ልጆች የክርስትና አባት ቢሆን ስሙ አምስት ጊዜ ይጻፋል፤ አድራሻው ቢለወጥም አምስቱ ስፍራ ሁሉ መታረም አለበት፤ አንዱ ቢረሳ መዝገቡ ከራሱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ለክርስትና አባቶችና እናቶች ለብቻቸው ሰንጠረዥ አበጀ፤ ለእያንዳንዳቸውም ቁጥር ሰጥቶ በሕፃኑ መስመር ላይ ያንን ቁጥር ብቻ አኖረ። ኮድ ያስተማረው ነገር በእጁ የገባለት በዚያን ቀን ነው። የወረቀቱ ሥራ ሳምንታት ፈጀ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በእርሱ ላይ ቆመ።

ሐመሩን በሃሌታው

ሥራው ተፈጽሞ ስሞቹ ከገቡ በኋላ፥ አንዲት እናት የልጃቸው የጋብቻ ቀን ስለ ቀረበ የክርስትና ማስረጃ ሊጠይቁ መጡ። ወጣቱ የልጂቱን ስመ ክርስትና «ወለተ ሃና» ብሎ ጽፎ ፈለገ፤ ኮምፒውተሩ አልተገኘም አለ። ወጣቱም «እናቴ፥ በመዝገቡ የሉም» አላቸው። እናትየዋ «እዚሁ አላስጠመቅኋትምን?» ብለው ዕንባ አቀረሩ። በዚያ ተቀምጠው የነበሩት አረጋዊ መሪጌታ አሮጌውን መጽሐፍ አውርደው ገለጡና፥ ጥቂት ቆይተው ጣታቸውን በአንድ መስመር ላይ አኖሩ። «ወለተ ሐና» ይላል። መሪጌታም «ልጄ፥ ሐመሩን በሃሌታው ፈልገኸዋል» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊደላችን ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ቁጥር ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሃሌታው ሀ 4608፥ ሐመሩ ሐ 4624፥ ብዙኃኑ ኀ 4736 ነው። ለጆሯችን አንድ ድምፅ ቢሆኑ ለኮምፒውተሩ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በንጉሡ ሠና በእሳቱ ሰ፥ በአልፋው አና በዐይኑ ዐ፥ በጸሎቱ ጸና በፀሐዩ ፀ ያለውም ነገር እንዲሁ ነው። ጃንጎ የተዘጋጀው ይህ ጉዳይ በማይነሣበት አገር ነውና፥ ይህን የሚያስብለት ሰው ሠሪው ራሱ ነበር።

ወጣቱ በኀፍረት በመዝገቡ ያሉትን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ሊለውጣቸው አሰበ። መሪጌታ ግን «የጻፉት አባቶች ናቸው፤ አንተ አፈላለግህን አስተካክል» ብለው ከለከሉት። ስለዚህ ስሙን መዝገቡ እንደ ጻፈው ትቶ፥ በአጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ጨመረ፤ በዚያ ዓምድ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ይመለሳሉ። አሁን በየትኛውም ፊደል ቢጠየቅ ስሙ ይገኛል፤ የሚወጣው ማስረጃ ግን አባቶች እንደ ጻፉት ነው።

የቀኑም ነገር እንዲሁ አስቸግሮ ነበር። የጃንጎ የቀን መጻፊያ የሚያውቀው የአውሮጳን አቈጣጠር ነው። ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ነውና፥ «30፥ 2» ተብሎ ቢጻፍለት የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው አልቀበልም ይላል፤ ጳጉሜንማ 13ኛ ወር እንደ መሆኗ ከነጭራሹ አያውቃትም። ወጣቱ ቀኑን በእኛ አቈጣጠር ተቀብሎ በስሌት የሚለውጥ ክፍል ጻፈ። በ40ና በ80 ቀን ያልተጠመቀውን ሁሉ እንዳይቀበል አድርጎ የነበረውንም ደንብ አነሣው፤ ለሞት ያሰጋው ሕፃን አስቀድሞ፥ በጕልምስና ያመነም ሰው በጊዜው ይጠመቃልና።

አደራው

የሰው ስም አደራ ነው። ጃንጎ የይለፍ ቃልን እንዳለ አያስቀምጥም፥ ቀይሮ እንጂ፤ ተንኮለኛ ሰው በመጠየቂያው ቅጽ ውስጥ ለዳታቤዙ ትእዛዝ ደብቆ ቢልክም ተገቢው አሠራር ከተጠበቀ ይከላከላል። ነገር ግን ማን እንደሚያነብ፥ ማን እንደሚጽፍ የሚወስነው ሰው ነው። በአጥቢያችን የሚጽፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የዳታቤዙ ግልባጭ በየሳምንቱ ተወስዶ በሌላ ስፍራ ይቀመጣል፤ አሮጌውም መጽሐፍ በመደርደሪያው ይኖራል፤ በዚያን ቀን እውነቱን የመሰከረው እርሱ ነውና።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ይህን ሙያ ሲማር ብታዩት በስንት ወር እንደሚጨርስ ብቻ አትጠይቁት። ለማን እንደሚሠራ፥ ስሕተቱንም ማን እንደሚሸከም ጠይቁት። ወደ ሽማግሌዎችም ላኩት፤ መሪጌታ ኮምፒውተር ባይነኩም የጐደለውን ያወቁት እርሳቸው ናቸው። የእኛ ወጣት በመጨረሻ ያረመው ነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ስም ባይገኝ በገጹ ላይ ይወጣ የነበረው «በመዝገቡ የለም» የሚል ነበር። አሁን የሚወጣው «በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም፤ ዋናው መጽሐፍ ይታይ» የሚል ነው።

ስማችንን በሕይወት መዝገብ ይጻፍልን። አሜን።