በዋሽንግተን የሚፈረም ወረቀት፣ በአፍሪካ የሚዘጋ ክሊኒክ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር በጥር ወር አንድ ወረቀት ይፈረማል። ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1993 ሻሩት፤ ጆርጅ ቡሽ በ2001 መለሱት፤ ባራክ ኦባማ በ2009 ሻሩት፤ ዶናልድ ትራምፕ በ2017 መለሱት፤ ጆ ባይደን በ2021 ሻሩት፤ ትራምፕ በ2025 እንደገና መለሱት። ወረቀቱ የሚሽረው ወይም የሚመልሰው ደንብ የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ ይባላል። ይህን ስም ያገኘው የሮናልድ ሬገን መንግሥት በ1984 በሜክሲኮ ሲቲ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ጉባኤ ላይ ስላስታወቀው ነው።

ደንቡ ከመነሻው ያነጣጠረው ከአሜሪካ ውጭ ባሉ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ላይ ነው። የአሜሪካን ገንዘብ የሚፈልግ ድርጅት ፅንስ የማቋረጥ አገልግሎት እንደማይሰጥ፣ ስለ እሱ እንደማያማክር፣ ወደሚሰጥበት ቦታ እንደማይልክና ሕጉ እንዲላላ እንደማይሟገት መፈረም አለበት። የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ እንዲሁም በመደፈርና በሥጋ ዘመዳሞች ግንኙነት ለመጣ እርግዝና ብቻ የተለየ ፈቃድ አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ፅንስ ለማቋረጥ እንዳይውል በ1973 የወጣው የሄልምስ ድንጋጌ ቀድሞውኑ ከልክሏል። የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ ከዚያ አልፎ ድርጅቱ ከሌላ አገር ባገኘው ወይም ከአባላቱ በሰበሰበው ገንዘብ የሚሠራውን ሥራ ጭምር ይወስናል። ደጋፊዎቹ ለዚህ ምክንያት አላቸው፦ ለመድኃኒት የተሰጠ ዶላር ድርጅቱ የራሱን ገንዘብ ወደ ፅንስ ማቋረጥ እንዲያዞር ያስችለዋል፤ ግብር ከፋዩም ሕሊናው የማይቀበለውን ሥራ በተዘዋዋሪ መደገፍ የለበትም ይላሉ።

ችግሩ በገጠር አፍሪካ አንድ ክሊኒክ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ አለመሆኑ ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጋዋ፣ የኤችአይቪ ምርመራ የምታደርገዋ፣ ልጇን የምታስከትበዋ ሴት ሁሉም የሚሄዱት ወደዚያው በር ነው። በ2001 ደንቡ ሲመለስ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር አልፈርምም በማለቱ የአሜሪካን ገንዘብም የወሊድ መከላከያም አጣ። በኬንያ አልፈርምም ያሉ ድርጅቶች ክሊኒኮቻቸውን ለመዝጋት ተገደዱ። ከአራት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ኤችአይቪ በደሙ በነበረባት ሌሶቶም የአሜሪካ ኮንዶም የሚከፋፈለው በአገሪቱ የቤተሰብ ዕቅድ ማኅበር በኩል ነበርና ማኅበሩ ሳይፈርም ሲቀር ጭነቱ ቆመ።

ውጤቱስ? በ2019 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ መጽሔት የታተመ ጥናት ከሰሃራ በታች ያሉ 26 አገሮችን መርምሯል። ደንቡ በሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት በአሜሪካ እርዳታ ላይ ይበልጥ በተደገፉት አገሮች የዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚነት በ14 በመቶ ቀነሰ፤ እርግዝና በ12 በመቶ፣ ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ በ40 በመቶ ጨመረ። ደንቡ ሲሻር አዝማሚያው ተገለበጠ። ፅንስ ማቋረጥን ይቀንሳል ተብሎ የወጣው ደንብ፣ መከላከያውን ከሴቶች እጅ በማራቅ ያንኑ አበዛው ማለት ነው።

ደንቡ በኋላ ሰፍቷል፦ በቡሽ ዘመን የአሜሪካ የኤችአይቪ ፕሮግራም ከደንቡ ውጭ ነበር። ትራምፕ በ2017 ሲመልሱት ግን ኤችአይቪን፣ ወባንና የእናቶችን ጤና ጨምሮ ከሞላ ጎደል መላውን የጤና እርዳታ አካተቱበት።

ገንዘቡ የሚቋረጠው በደንብ ብቻም አይደለም። ብሪታንያ በ2021 የውጭ እርዳታዋን ስትቀንስ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ የወሊድ መከላከያ ለሚያቀርብበት ፕሮግራም ከምትሰጠው ገንዘብ 85 በመቶ ያህሉን ቆረጠች። በ2025 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲፈርስ ደግሞ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ አብዛኛው ለአፍሪካ የታሰበ የወሊድ መከላከያ በቤልጂየም ጌል ከተማ መጋዘን ውስጥ ቀረ። የአሜሪካ መንግሥት መከላከያው እንዲወገድ መወሰኑን በዚያው ዓመት ሐምሌ አስታወቀ። ገንዘቡ ቀድሞ የተከፈለበት ዕቃ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የምታጣው ብዙ ነው። በ2000 ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ያገቡ ሴቶች ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በ2019 የተደረገው ጥናት ቁጥሩ 41 በመቶ መድረሱን አሳይቷል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዙት በ2003 የተጀመረው ፕሮግራም ያሰማራቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የሠራተኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ሲሆን፣ በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው መርፌና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ግን በአብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ ሲገዛ ኖሯል።

የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከአገራቸው በጀት 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ እስካሁን እዚያ አልደረሱም። የወሊድ መከላከያ መግዣ በየዓመቱ በአገር በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ቢኖረው፣ አንዲት እናት በየሦስት ወሩ ለመርፌዋ ስትመለስ መድኃኒቱን የማግኘቷ ጉዳይ በሌላ አገር ምርጫ ላይ አይንጠለጠልም ነበር።