ያውቁ ኖሯል? የተራበ እርሾ ለኖቤል አብቅቷል

ረቡዕ ወይም ዓርብ ካዛንቺስ ምሳ ቤት ገብተው በያይነቱ ካዘዙ፣ እንጀራውን ያቦካው እርሾ ነው። ሴል ራሱን እንዴት እንደሚያድስ ያስተማረንም የእርሾ ዘር ነው።

ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የዳቦ እርሾ ሴሎችን ምግብ ነፍገው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። የተራቡት ሴሎች የገዛ አካላቸውን ቁርጥራጭ በትናንሽ ከረጢቶች እየጠቀለሉ ወደ መፍጫ ክፍላቸው ይልኩ ነበር። የኦሱሚ ብልሃት የመፍጫ ኢንዛይም የጎደላቸውን ሴሎች መምረጣቸው ነው፤ ከረጢቶቹ ሳይፈጩ ተከማችተው ለዓይን ታዩ። ያረጀው ይፈርሳል፣ ፍራሹ ለአዲስ ግንባታ ይውላል። ሂደቱ ኦቶፋጂ ይባላል፤ በግሪክኛ «ራስን መብላት» እንደማለት ነው። ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. የሕክምናውን ኖቤል ብቻቸውን ወሰዱ።

የእኛም ሴሎች ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ጽዳቱ ይዳከማል። ረሃብ ጽዳቱን ስለሚቀሰቅስ፣ የእርጅና ተመራማሪዎች ጾምን ከሚያጠኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በቂርቆስ ወይም በዑራኤል ደጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ግን ለነፍሱ እንጂ ለሴሉ ብሎ አይጾምም። በእርሾ ላይ የታየውም እንዳለ ለሰው አይገለበጥም፤ «ይህን ያህል ሰዓት ጹመው ወጣት ይሁኑ» የሚልዎትን አይመኑ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ጾም ከመያዝዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።