«ራን» እና «ሮጠ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ፍችዎችና የአማርኛ አቻዎቻቸው

መግቢያ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚደረግ ትርጉም፣ ተርጓሚውን ከብርቅ ቃላት ይልቅ የሚፈትኑት አጫጭርና የተለመዱ ግሦች ናቸው። ብርቅ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፍች ብቻ ስለሚኖረው መዝገበ ቃላት ይፈታዋል፤ የተለመደ ግሥ ግን በየዐረፍተ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ «ራን» የተባለው ግሥ ነው። በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም (እ.ኤ.አ. 1989) በፍች ብዛት ቀዳሚ የነበረው «ሰት» የተባለው ግሥ ሲሆን፣ 430 ያህል ፍችዎች ተመዝግበውለት ነበር። ለሦስተኛው እትም በተደረገው ክለሳ ግን «ራን» በግሥነቱ ብቻ 645 ፍችዎች ተቆጥረውለት ቀዳሚነቱን ወስዷል።

ይህ ጽሑፍ የግሡን ዋና ዋና አገባቦች ከታሪኩ ጋር አያይዞ ይመለከታል፤ የአማርኛ አቻዎቹ በምን ሥርዓት እንደሚመረጡም ያሳያል። የጽሑፉ መከራከሪያ «ሮጠ»ን የሁሉም ፍች መነሻ ማድረግ ወደ ስሕተት ይመራል፣ ለብዙዎቹ ፍችዎች ይበልጥ የሚቀርበው የአማርኛ ግሥ «ሄደ» ከነርቢዎቹ ነው የሚል ነው።

የግሡ ታሪክ

በጥንታዊ እንግሊዝኛ ለዛሬው «ራን» መነሻ የሆኑ ሁለት ተዛማጅ ግሦች ነበሩ። አንደኛው «ሪናን»፣ ድምፆቹ ቦታ ሲለዋወጡም «ኢርናን» የሚባለው ኢተሻጋሪ ግሥ ነው። ይህ ግሥ ለሰው ሩጫም ለውሃ መፍሰስም ያገለግል ነበር። ሁለተኛው «አርናን» የአስደራጊነት ግሥ ሲሆን ማስሮጥን፣ በተለይም ፈረስ መጋለብን ያመለክት ነበር። ከጥንታዊ ኖርስ የገባው ተዛማጅ ቃል ታክሎበት፣ በጊዜ ብዛት ሁሉም በአንድ ቅርጽ ተጠቃለሉ። ጀርመንኛ ልዩነቱን እስከ ዛሬ ጠብቋል፤ «ሪነን» ለፈሳሽ፣ «ረነን» ለሩጫ ይውላሉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። በመጀመሪያ፣ ወንዝ ወይም ቧንቧ «ራን» ሲባል ከእግር ሩጫ ዘግይቶ የተወሰደ ዘይቤ አይደለም፤ መፍሰስ ከጥንት ጀምሮ የቃሉ ፍች ነበር። በሁለተኛ ደረጃ፣ አንዱ ቅርጽ ድርጊቱንም ማስደረጉንም ተሸክሟል። አማርኛ «ሮጠ»ንና «አስሮጠ»ን በቅድመ ቅጥያ ሲለይ፣ የእንግሊዝኛው አንባቢ ግን ልዩነቱን የሚያገኘው ከተሳቢው ነው።

የዛሬው ተናጋሪ ቃሉን እንዴት ያስባል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ስቴፋን ግሪስ የተባለው የሥነ ልሳን ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው በጽሑፍና በንግግር ስብስቦች ላይ በተመሠረተ ጥናት፣ የግሡ ዐይነተኛ ፍች ፈጣን የእግር እንቅስቃሴ መሆኑን ተከራክሯል። ሁለቱ ድምዳሜዎች አይጋጩም፤ አንዱ የቃሉን ዘር ሐረግ፣ ሌላው በአሁኑ ጊዜ በፍችዎቹ መካከል ያለውን ዝምድና ይገልጻል።

የፍች ዘርፎችና አቻዎቻቸው

እጅግ የበዙት ፍችዎች በጥቂት ዘርፎች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ባለቤቱ ሰው ወይም እንስሳ ሆኖ እንቅስቃሴው በእግር ሲሆን «ሮጠ» ያለ ችግር ይስማማል። ባለቤቱ ፈሳሽ ሲሆን አማርኛ እንደ ፈሳሹ ይለያያል፦ ወንዝ ይፈስሳል፣ እንባ ይወርዳል፣ ሲታጠብ የሚደበዝዝ ልብስ ቀለሙ ይለቃል። ባለቤቱ መኪና ወይም ሞተር ሲሆን ይሠራል ወይም ይሄዳል። ለምርጫ ሲሆን ይወዳደራል፤ እዚህ ላይ አማርኛ የውድድሩን ሐሳብ ከአሜሪካ እንግሊዝኛ ጋር ሲጋራ፣ የብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን በ«ራን» ፈንታ መቆምን የሚያመለክተውን ግሥ ይመርጣል።

የማይንቀሳቀስ ነገርም «ራን» ሊባል ይችላል። እንግሊዝኛ መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ «ይሮጣል» ይላል፤ ሊዮናርድ ታልሚ ይህን መሰሉን አነጋገር ምናባዊ እንቅስቃሴ በሚል ጽንሰ ሐሳብ ተንትኖታል። አማርኛም ይህን ያውቃል፤ «ይህ መንገድ ወደ ጎጃም ይሄዳል» የሚል ተናጋሪ ስለማይንቀሳቀስ ነገር የእንቅስቃሴ ግሥ ተጠቅሟል። የተመረጠው ግሥ ግን «ሄደ» ነው።

የማስተዳደር ፍች ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ድርጅት የሚመራ ሰው በእንግሊዝኛ ድርጅቱን «ራን» ያደርጋል። አማርኛም ከእንቅስቃሴ ወደ አመራር በሚወስደው በዚያው መንገድ ተጉዞ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ስያሜ አበጅቷል፤ ሥራ እንዲሄድ የሚያደርግ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ስብሰባ ይካሄዳል፣ ጥናት ይካሄዳል፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይኬዳል ሳይሆን ሌላ ሰው ያስኬደዋል። በ«ሄደ» መነሻ የሚታየው «ሀ» በነዚህ ርቢዎች «ከ» ሆኖ ስለሚገኝ ዝምድናው በቀላሉ አይታይም።

«ሮጠ» ለምን ይህን ቦታ አልያዘም? የራሱን ዘይቤያዊ አገባቦች መመልከት መልሱን ይሰጣል። ጊዜ ይሮጣል፤ የኑሮ ሩጫ ይባላል፤ ለጉዳዩ የሚደክም ሰው ይሯሯጣል፤ የሞተ ሰው ሩጫውን ጨረሰ ይባላል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ችኮላ ወይም ጥረት ነው። «ራን» በማሽንና በአመራር ላይ ሲውል ግን የሚገልጸው ሳይቋረጥ መቀጠልን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ግሦች የሚገናኙት በእግር እንቅስቃሴው ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

በትርጉም ሥራ ላይ የሚያስከትለው

ልዩነቱ ከሰዋስው ክፍል አልፎ የሰው ጤናና መብት ይነካል። በሕክምና ቃለ መጠይቅ አንድ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ «ራን» ያደርጋል ሲባል፣ ብዙ ተርጓሚዎች የሚቀናቸው «በዘር የሚተላለፍ» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ግን በሽታው በቤተሰቡ አባላት ላይ ተደጋግሞ መታየቱን ብቻ ነው፤ መንስኤው ዘር ይሁን አኗኗር አይወስንም። ለጥናት መጠይቅ የሚሻለው «በቤተሰብዎ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሌላ ሰው አለ?» የሚል ግልጽ ጥያቄ ነው።

በፍርድ ቤት ደግሞ አንዲት መስተዋድድ ፍርድ ልትለውጥ ትችላለች። «ራን ኦቨር ዘ ማን» የተባለ እንደሆነ ሾፌሩ ሰውየውን ገጭቶታል፤ «ራን ኦቨር ቱ ዘ ማን» ከተባለ ግን አንድ ሰው ወደ ሰውየው ሮጦ ሄዷል። በችሎት በቃል የሚያስተረጉም ባለሙያ «ቱ» የምትለዋን ካልሰማ፣ ለእርዳታ የደረሰውን ሰው ገጪ አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

ማጠቃለያ

ተርጓሚው አቻውን ከመምረጡ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢለይ ከአብዛኛው ስሕተት ይድናል፦ የግሡ ባለቤት ምን ዐይነት ነገር እንደሆነ፣ ተሳቢ መኖሩንና ግሡ የአስደራጊነት ጠባይ መያዙን፣ ከግሡ ቀጥሎ የመጣውን መስተዋድድ። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ሮጠ፣ ፈሰሰ፣ ሠራ፣ አስተዳደረ» እያሉ አቻዎችን በነጠላ ሠረዝ ከመደርደር ይልቅ፣ እያንዳንዱን ፍች ከሚፈልገው ባለቤትና ተሳቢ ጋር ቢያቀርቡት ተጠቃሚው በግምት ከመምረጥ ይድናል። በዚህ አቀራረብ «ሄደ» እና «አስኬደ» እስካሁን ለ«ሮጠ» ሲሰጥ የኖረውን የመጀመሪያ ረድፍ ሊጋሩት ይገባል።