የደጋ ሰው በቆላ ሲታመም
ስለ ወቅታዊ ሠራተኞችና ስለ ሕክምና ክፍያ

ከደባርቅና ከዳባት ወረዳዎች በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረም፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የስሜን ግርጌ መሬት ተዳፋት፣ ይዞታውም ጠባብ ስለ ሆነ የማዳበሪያው ዕዳና የልብሱ ገንዘብ የሚገኘው ከቆላ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ግን ሥራውን ሳይሆን፣ እነዚህ ሰዎች ከቀያቸው ርቀው ሲታመሙ የሕክምናውን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የደጋው ልጅ ሰውነት ወባን አልተለማመደም። ከወባ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጣጠቀ መረሬ አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች፤ ሠራተኛውም የሚያድረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ሰውየው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

የአገራችን የጤና ክፍያ ሥርዓት በ1990 ዓ.ም. በወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ላይ የቆመ ነው። ታካሚው ወጪውን ይጋራል፤ ለድኻው ግን የነጻ ሕክምና ወረቀት ይሰጠዋል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ተጀመረ፤ በአማራ ክልል የተመረጡት ወረዳዎች ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ በታመመም ጊዜ ኪሱን ሳይዳብስ ይታከማል። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን መሠረታቸው ነዋሪነት ነው። ድኻ መሆኑን የሚመሰክርለት ቀበሌው ነው፤ የመድኑ መታወቂያም አስቀድሞ የሚያገለግለው ውል በተገባበት በአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው። በመተማ የሰሊጥ እርሻ መካከል ደግሞ የዳባት ቀበሌ ሊቀ መንበር አይገኝም።

እርግጥ የወባና የካላዛር መድኃኒት በመንግሥት ሐኪም ቤት በነጻ ይሰጣል። ታዲያ ክፍያው የቱ ነው ቢባል፣ በመድኃኒቱ ዙሪያ ያለው ሁሉ ነው፤ ካርዱ፣ ልዩ ልዩ ምርመራው፣ መኪናው፣ ምግቡ፣ የአስታማሚው ውሎ። የተለመደው የካላዛር ሕክምና 17 ቀን በተከታታይ መርፌ መወጋትን ይጠይቃል፤ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ላልዋለበት ቀን አይከፈለውም። ስለዚህ የትኩሳት ክኒን ገዝቶ ይውጣል፤ አጨዳው ሲያልቅም በሽታውን ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የካላዛር ሕክምና ማዕከል እስካለበት ድረስ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንዲህ ያለው መዘግየት የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. ቀድሞ ካላዛር በማይታወቅበት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኙ ሲገለጥ፣ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በሽታውን ወደዚያ ያደረሱት ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። እንግሊዞች እንኳ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪ ያልሆነውን ታካሚ ለማያስቸኩል ሕክምና አስቀድመው ሲያስከፍሉ፣ የሳንባ ነቀርሳንና ወባን ከክፍያው ውጭ ማድረጋቸው ከደግነት ብቻ የመጣ አይመስለንም።

በዚያው በዳባት ወረዳ፣ በአለምዋጭ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ሰፍረዋል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይህን ማንሳታችን ለስደተኛው በዛበት ለማለት አይደለም፤ የመጠለያ ኑሮ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው እንዲህ አይልም። አዋጁ የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከመኖሪያው ርቆ የሚገኝን ሰው ለይቶ ስለ ሕክምናው መጻፍ የሚቻል መሆኑን ነው። ለሰሊጥ ሠራተኛውም ቢሆን የሚያስፈልገው ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። በዳባት የከፈለበት መታወቂያ ከሐምሌ እስከ ኅዳር በመተማ ጤና ጣቢያ እንዲሠራለት፣ ሒሳቡንም ሁለቱ ወረዳዎች በኋላ እንዲተሳሰቡ ማድረግ ይበቃል። የማይመችበት አንዱ ነገር፣ የሚወርዱት ብዙዎቹ ገና ጎጆ ያልወጡ ወንዶች በመሆናቸው፣ መታወቂያው ቤት ከአባትየው ዘንድ መቅረቱ ነው።