መተማ በካርታና በቁጥር

 

ፊደል ለይታችኋል። ቁጥርም መጻፍ ጀምራችኋል። እንግዲህ ዛሬ ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ ላይ ሥራ እናስይዛቸው። የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማና ስለ አካባቢዋ ነው። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ጥያቄያችን ይኸ ነው፦ በመተማ ምድር ስንት ሰው አለ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንደ ወራቱ ይለያያል። ነገሩ ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም። የውኃ፣ የመድኃኒትና የሕይወት ጉዳይ አለበት።

መተማ የት ናት?

እስቲ በሐሳብ ከጎንደር እንነሣ። መንገዱ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ጭልጋ ላይ የአይከልን ከተማ ያልፋል። ከአይከል በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውኃ ይደርሳል። ገንዳ ውኃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ተጉዘን መተማ ዮሐንስ እንገባለን። ከጎንደር እስከዚያ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከከተማዋ ጫፍ አንድ ወራጅ አለ። በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይደርቃል። ድንበሩ እሱ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ያለችው ከተማ ገላባት ትባላለች፤ የሱዳን ናት። ስለዚህ ድንበር መሥመር ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ውል ተዋውለዋል።

ለምን እንዲህ ይሞቃል?

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት። መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር እንኳ አትሞላም። ከደጋ ወደ ቆላ 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ከጎንደር መተማ የወረደ ሰው ጋቢውን ቢያወልቅ ምን ይደንቃል? በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መሬቱ ሰፊ ሜዳ አለው። አፈሩ ጥቁር ነው። በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅላሉ። በኮረብታው ላይ የእጣን ዛፍ አለ። ወንዞቹ ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ሽንፋ ደግሞ ራሃድ ይባላል። ሁለቱም በመጨረሻ ከዓባይ ውኃ ጋር ይቀላቀላሉ።

ሰው ከመቼ ጀምሮ ኖረበት?

ከጥንት ጀምሮ ነዋ! በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ተመራማሪዎች መሬት ቆፍረው የጥንት ሰዎችን መኖሪያ አግኝተዋል። ያገኙትንም በ2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳውቀዋል። ሰዎቹ የኖሩት ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ዘመን በሩቅ እስያ፣ ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ እስከዚህ ደርሷል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እየያዙ በሉ። የሰጎን እንቁላልም ይበሉ ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ መተማ የታወቀች የጠረፍ ገበያ ሆነች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር በኩል የመጡ ተክሩሪ የሚባሉ ሙስሊሞች ሰፈሩባት። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ፈረስ ይወርድላት ነበር። የሚያሳዝነው፣ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር። በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ወር አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ እዚሁ ቆስለው ሞቱ። ከተማዋ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእሳቸው ስም ነው።

ዛሬ በአካባቢው አማራ፣ ቅማንት፣ ጉሙዝ፣ አገውና ሌሎችም ይኖራሉ። በ1990ዎቹ ዓመታት በሰፈራ ከደጋ ወርደው ጎጆ የቀለሱም አሉ።

ስንት ሰው ተቆጠረ?

አሁን እርሳስና ደብተራችሁን ያዙ። በአገራችን 3ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ በመተማ ወረዳ፣ ገጠሩም ከተማውም አንድ ላይ፣ 110,231 ሰዎች ተቆጠሩ። ወንዶች 58,734 ናቸው። ሴቶች 51,497 ናቸው። ትልቁን ቁጥር ከላይ፣ ትንሹን ከታች ጻፉና ቀንሱ። ስንት መጣላችሁ? 7,237 ከመጣ ልክ ናችሁ። ወንዶቹ በዚህን ያህል ይበልጣሉ ማለት ነው።

ለምን በለጡ? አንዱ ምክንያት ሥራ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ የሚወርደው ከሴት ይልቅ ወንድ ይበዛል። ከመጡትም አንዳንዱ እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ቆጠራው የተካሄደው በግንቦት ነው። የሰሊጡ አረም የሚታረመው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ማሽላው ደግሞ ይከተላል። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ከደረቀ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ ይፈልጋል። በሰላሙ ዘመን ለዚህ ሥራ ወደ ሰሜን ምዕራቡ ቆላ የሚወርደው ሰው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። ቆጠራው ደግሞ ሰውን የሚመዘግበው በቋሚ መኖሪያው ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሠራተኛ በመተማ ቁጥር ውስጥ የለም።

ታዲያ ምን ችግር አለው?

አለው እንጂ! መሥሪያ ቤት ዕቅድ ሲያወጣ የሕዝብ ቁጥር ይመለከታል። ስንት ጉድጓድ ይቆፈር? ስንት አጎበር ይላክ? ስንት መድኃኒት ይምጣ? ለ10 ሰው የተዘጋጀ ውኃ ለ30 ሰው አይበቃም። ቁጥሩ የማያውቀው ሰው ቢጠማም ቢታመምም ዕቅዱ ውስጥ የለም።

የቆላው በሽታ ደግሞ አይምርም። አንደኛው ወባ ነው። ሁለተኛው ካላዛር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ናት። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም። በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትገኛለች። የምትነክሰው በአብዛኛው ማታና ሌሊት ነው። ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው የት ነው? ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር አይደል?

በሽታው ከሰውየው ጋር አገሩ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር ተነሣ። መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። የወባ መድኃኒት ቢሰጥ አልሻል አለ። ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። በሽታውን ወደዚያ ያመጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ ተመራማሪዎች።

ስለዚህ ወደ ቆላ የምትወርዱ፣ አጎበር ያዙ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ካለባችሁ፣ ከከሳችሁ፣ በግራ ጎናችሁ ጣፊያ ካበጠ፣ ቶሎ ታከሙ። ለሐኪሙም፣ «መተማ ሠርቼ ነበር» በሉት። ያቺ አንዲት ቃል ነፍስ ታድናለች። ሳይታከሙ የቆዩት ካላዛር ይገድላል፤ መድኃኒት ግን አለው።

የመተማን ቁጥር የሚለውጠው አዝመራ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ተነሣ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ያንን ድልድይ ተሻግሮ መጣ። ሱዳናዊው፣ እዚያ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ የሌላ አገር ዜጋም ነበረበት። ኩመር በተባለ ቦታ የስደተኛ መጠለያ ተሠራ። በ1999ኙ መዝገብ ግን አንዳቸውም የሉም። 4ኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ነበር፤ ተራዘመ።

ወገኖቼ፣ ቁጥር ስታነቡ 3 ጥያቄ ጠይቁ። መቼ ተቆጠረ? ማን ተቆጠረ? ማንስ ቀረ? የቀበሌያችሁን ቁጥርም በዚሁ ዓይን እዩት። የመተማ ሰው ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቃችሁ፣ «በየትኛው ወር?» ብላችሁ መልሱለት።

ለሚቀጥለው ትምህርታችን በቤታችሁ የሚኖረውን ሰው ቁጠሩና ጻፉ። ሥራ ፍለጋ የሄደ ካለ እሱንም ጻፉት፤ ከስሙ አጠገብ የሄደበትን አገርና ወሩን አኑሩ። ደህና ሁኑ።