ቲንት ለሁሉም አውሮፕላን አይደለም

ሠርቼ ያስረከብኩት የኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት ሞዴል በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ያሠራኝ ወጣት ስጦታውን ያሰበው ለአባቱ ነው፤ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ። ቀለሙንም ምልክቶቹንም ወዷቸዋል። «ጋሼ፣ መስታወቱን ግን ረሱት» አለኝና ከስልኩ ላይ ኮክፒቱ ወርቃማ የሆነ የኤፍ-16 ፎቶ አሳየኝ። የኤፍ-5 መስታወት ምንም ቀለም የሌለው፣ የጠራ መሆኑን ብነግረውም ፊቱ ላይ ማመን አላየሁበትም።

ይህን ጥያቄ ስመልስ ዓመታት አለፉ። ሰዉ የተዋጊ ጄት መስታወት እንደ መኪና መስታወት ለፀሐይ ተብሎ ቲንት የሚደረግ ይመስለዋል። ለፀሐይ አብራሪው ከራስ ቁሩ ላይ የሚያወርደው ጥቁር መከለያ አለው። የኤፍ-16ቱ ወርቃማነት የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ይባላል፣ ጉዳዩም ከራዳር ጋር ነው። የራዳር ሞገድ በጠራ መስታወት አልፎ ኮክፒት ከገባ ወንበሩ፣ የመሣሪያ ሰሌዳው፣ የአብራሪው የራስ ቁር ሳይቀር ወደ መጣበት ይመልሱታል። ሽፋኑ ካለ ግን ሞገዱ ከለስላሳው የመስታወት ጉብታ ላይ ነጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ኤፍ-16ቶች ይህ አልነበራቸውም፤ ኋላ የመጣ ነው። በኢኤ-6ቢ ፕራውለር ላይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ አውሮፕላኑ የጠላትን ራዳር ከሚያፍንበት ከራሱ ኃይለኛ ሞገድ ሠራተኞቹን ለመጠበቅ ነው መስታወቱ በወርቅ የተለበጠው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተፋለሙት የእኛ ኤፍ-5ኢዎች በሁለቱም የሉበትም።

ደንበኛስ አይቶ የወደደውን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔን የሚያደክመኝ የሙያ ባልደረባዬ ነው። የኤፍ-16 ሞዴል ሲሠራ የታሚያን ኤክስ-24 ቢጫ ቀለም ከጭስማው ኤክስ-19 ጋር ቀላቅሎ መስታወቱ ላይ ይረጫል፤ መስታወቱን አንስቶ ወደ መብራት ያይና «ሳስቷል» ብሎ ይደግመዋል። ወደ መብራት ሲታይ ብርሃን የሚያልፈው አንዴ ብቻ ነው። ኮክፒቱ ላይ ሲገጠም ግን ብርሃኑ ገብቶ፣ ወንበሩን ነክቶ፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ሁለቴ አለፈ። በአንዱ ጉዞ 80 በመቶ የሚያሳልፍ ሽፋን በደርሶ መልስ 64 በመቶ ብቻ ያሳልፋል። ባልደረባዬ ሌላ እጅ ደርቦ የአንዱን ጉዞ 64 ካደረሰው ደግሞ ደርሶ መልሱ ወደ 41 ይወርዳል። በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ አንድ በአንድ የተነጠበው የመሣሪያ ሰሌዳ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀረ።

እውነተኛው ሽፋን ወርቃማነቱ ጎልቶ የሚወጣው ብርሃን ሲያንጸባርቅ ነው፤ አቅጣጫው ሲቀየር ያው መስታወት የጠራ ሊመስል ይችላል። የእኛ ቀለም የሚያልፈውን ብርሃን ነው የሚያቀልመው። ቢጫ በደረቡ ቁጥር ወርቅ አይመጣም፣ አብራሪው ነው ቢጫ የሚሆነው። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ!

አክሪሊክ የወለል ፖሊሽ ውስጥ ነክሮ ማውጣትም ለጠራ መስታወት የሚስተካከለው የለም፤ ጭረቱን ይሞላል፣ ያበራዋል። ቲንት ከተቀላቀለበት ግን ፈሳሹ ወደ ታችኛው ጠርዝ ይወርድና ፍሬሙ ሥር ጠቆር ያለ መስመር ጥሎ ይደርቃል፤ በናፕኪን ቢመጥጡትም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እኔ ከውስጥ በኩል በኤርብራሽ በስሱ እረጫለሁ፤ ውጪው ለመወልወል ነጻ ይሆንልኛል። ወደ መብራት ሳየው «ገና ነው» በሚያሰኝበት ላይ አቆማለሁ፤ ከዚያ ሳልለጥፈው ኮክፒቱ ላይ አስቀምጬ በቀን ብርሃን አየዋለሁ።

ቲንት ይደረግልኝ የሚል ሁሉ የአውሮፕላኑን ዓይነት ብቻ ነግሮኝ አይሂድ። የየትኛው አገር፣ የየትኛው ዓመት፣ የጅራት ቁጥሩ ስንት? ፎቶም ካለው ከሁለት አቅጣጫ የተነሣ ያምጣልኝ፤ መስታወቱ ሲያንጸባርቅ አንድ፣ ውስጡ ሲታይ አንድ።