ናፍጣ የጫነችው መርከብ የት ደረሰች?

ፍኖተ ሰላም ማደያ ደጃፍ ባጃጅና አይሱዙ ሲሰለፍ፣ ቡሬ ላይ ደግሞ ባለ ትራክተሩ ጀሪካን ይዞ ሲጠብቅ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ቦቴው መቼ ይገባል? ከቦቴው በፊት ግን መርከቧ አለች። እሷ የት እንደደረሰች ደግሞ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ ሁሉ ማየት ይችላል።

አገራችን ለነዳጅ መርከብ እንግዳ አይደለችም። ቻይና ውስጥ ካሠራቻቸው ዘጠኝ መርከቦች ሁለቱ፣ «ባሕር ዳር» እና «ሐዋሳ»፣ ነዳጅ ጫኝ ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው አቅም 42 ሺህ ቶን ገደማ ነው። በቦቴ እንመንዝረው። ይህን ያህል ናፍጣ 50 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። አንድ ባለ ተሳቢ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ቢይዝ፣ የአንዷን መርከብ ጭነት ለማንሳት ከ1,100 በላይ ቦቴ ያስፈልጋል። እንዲያውም እነዚህ መካከለኞቹ ናቸው። ድፍድፍ የሚያመላልሱት ግዙፎቹ 330 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ 300 ሺህ ቶን ይጭናሉ።

መርከቧን የሚያሳየን ኤአይኤስ የሚባል የራዲዮ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ ትልልቅ መርከቦች እንዲይዙት ግዴታ ሆኗል። መርከቧ ስትጓዝ ቦታዋን፣ ፍጥነቷንና አቅጣጫዋን ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግማ ትናገራለች፤ መልሕቅ ስትጥል በየ3 ደቂቃው። በባሕር ዳርቻ የተተከሉ አንቴናዎችና ሳተላይቶች ይሰሟታል፤ በኢንተርኔት ስልካችን ላይ የምናየውም ይህንኑ ነው።

እኔ ቅድሚያ የማየው ግን የመርከቧ ታች ስንት ሜትር ውኃ ውስጥ እንደገባ የሚነግረውን ቁጥር ነው። ጅቡቲ ስትገባ 11 ሜትር የነበረው ስትወጣ 7 ከሆነ አራግፋለች ማለት ነው። ይህን ቁጥር መርከበኛው በእጁ ስለሚሞላው አንዳንዴ ያረጀ ሆኖ ይገኛል። ቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ መሣሪያውን አጥፍተው የሚያልፉ አሉ።

በስም ብቻ መፈለግ ያሳስታል። ስምም ባንዲራም ይቀየራል፤ አይኤምኦ የሚባለው ባለ 7 አኃዝ መለያ ግን መርከቧ ተቆራርጣ እስክታልቅ አብሯት ይኖራል። የኢትዮጵያን ባንዲራ የያዘች መርከብ የራዲዮ ቁጥር በ624 ይጀምራል።

ነዳጁ ጅቡቲ ከተራገፈ በኋላ ግን እናጣዋለን። በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አልፎ ቡሬ እስኪገባ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቦቴዎች ላይ ጂፒኤስ መግጠም ቢጀመርም መረጃው ለተቆጣጣሪው እንጂ ለተሰላፊው አይደርስም። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ የቦቴን ቦታ ለሁሉ ማሳየት ሾፌሩን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ ይህን አልጠይቅም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ግን ለየከተማው ስንት ሊትር እንደተመደበና መቼ እንደተጫነ በየሳምንቱ ያሳውቅ። ገበሬው ማሳውን ትቶ የሚሰለፍበትን ቀን አስቀድሞ ይወቅ።